«አዎ» የማይሉት ጠበቃ

ጋሽ ዘሪሁን ማረፋቸውን የነገረችኝ ሰላም ናት። ሲግናል ሰፈር እሠራበት ከነበረው ቢሮ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ልጅ ናት። ስልኩን ሳነሳው እያለቀሰች ነበር።

«ትዕግስትዬ፣ ጋሽ ዘሪሁን አረፉ አሉ።»

«ማን አለ?» አልኳት።

«እ?»

«ማን ነው አረፉ ያለው? ራሱ አይቷል ወይስ ከሰው ሰምቶ ነው? ላንቺ ነው የነገረሽ ወይስ ለሌላ ሰው ሲያወራ ሰማሽ?»

ሰላም ልቅሶዋን አቆመች። «አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ?» አለችኝና ዘጋችው።

አልፈረድኩባትም። ጨክኜ ግን አልነበረም። ጥያቄዎቹ የራሳቸው የጋሽ ዘሪሁን ናቸው። ለዓመታት ጸሐፊያቸው ሆኜ ስሠራ ከጠዋት እስከ ማታ ስሰማቸው ኖሬ፣ ሰው ሞተ ሲሉኝ እንኳ ከእንባዬ የሚቀድሙት እነሱ ሆነዋል። ወዲያው ለልጃቸው ደወልኩ። እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው እንደነበረች ነገረችኝ። እንግዲህ በዓይኗ ያየች ምስክር ተገኘች፤ የሚጠረጠር ነገር አልቀረም። ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት።

ቢሯችን ከአንድ ጎሚስታ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ነበር። ወደ ላይ የሚወጣው በተንጋደደ የብረት ደረጃ ነው። ከታች ጎማ የሚነፋው ኮምፕሬሰር ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ደንበኛ የሚናገረውም አይሰማም። ሌላ ጠበቃ ቢሆን ቢሮ ይቀይር ነበር። ጋሽ ዘሪሁን ግን የመረጡት ለዚያው ነው። «በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ኮምፕሬሰር ብቻ ነው የሚሰማው» ይሉኝ ነበር። ወንበራቸው ሁልጊዜ ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠ ነው። ካፌ ሲገቡም እንደዚያው፣ ግድግዳ ጋ ቦታ ከሌለ ቆመው ይጠጣሉ።

በስልክ «አዎ» ብለው አያውቁም።

«ጠበቃ ዘሪሁን ነዎት?»

«ማን ልበል?»

«ቢሮ ነዎት አሁን?»

«እየሰማሁ ነው።»

«ነገ ይገኛሉ ወይ?»

«እንግዲህ ይነጋል።»

መጀመሪያ አካባቢ እስቅ ነበር። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። አንድ ነገር ሊያስረዱ ሲሉ እንዲያ ያደርጋሉ። «"አዎ" ብቻዋን አትሄድም» አሉኝ። «የጠያቂውን አረፍተ ነገር በሙሉ ተሸክማ ነው የምትሄደው። ምን ብሎ እንደጠየቀሽ ደግሞ ነገ የሚያወራው እሱ ነው።»

ይቅርታም አይወጣቸውም። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተነስተው በየቀኑ ሲግናል ድረስ በታክሲ ነው የሚመላለሱት፣ በዚያ ግፊያ የሰው እግር መርገጥ አይቀርም። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ተሳፍሬ ሳለሁ የአንዲት ትልቅ ሴትዮ እግር ረገጡ። ሴትዮዋ ጮኸች። ጋሽ ዘሪሁን ወደ ታች አይተው፣ «እግርዎ እዚህ ነበር እንዴ?» አሏት።

«የት ይሁንልዎት ታዲያ!» አለች ሴትዮዋ፤ ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ከወረድን በኋላ ስቆጣቸው፣ «ይቅርታ ማለት እኮ መፈረም ነው» አሉኝ። ሐኪም ቤት ሄደው ሐኪሙ «ጨው ያበዛሉ?» ሲላቸውም «ማን አለ?» ብለውታል። ይህን የነገረችኝ ልጃቸው ናት፣ አብራቸው ነበረች።

ከአፋቸው የማይጠፋ ተረት «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለው ነበር። ሰው ሁሉ ይተርተዋል፤ እሳቸው ግን እንደ ሥራ መመሪያ ነበር የያዙት።

ስለ ሥራቸው ካስተማሩኝ ሁሉ የገባኝ የመጀመሪያው ነገር የመጣው በአንዲት ተከራይ ሴት ነው። አከራይዋ ውሉን ቀዶ «ውል የለንም፣ ውጪልኝ» ብሏታል።

«ሲቀደው ማን አየ?» አሏት።

«ጎረቤቴ እሱ ነው የቀደደው ትላለች።»

«አይታለች?»

«አይ፣ ሰምታ ነው።»

«ከማን?»

«ከሰው።»

«ይሄ ወሬ ነው፤ ይዘሽው ሂጂ።» ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንስታ ስትነሳ፣ «ቆይ፣ ቆይ። አከራይሽ ራሱ በአፉ ለሰው የተናገረው የለም?» አሏት።

«ለዘበኛው "ቀድጄ ጣልኩት፣ ምን ታመጣለች" ብሎታል።»

«ዘበኛውን አምጪልኝ።»

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ፣ «ሁለቱም ያው ከሰው የተሰማ አይደለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መነጽሩ ወለቀ።

«አይደለም። ጎረቤትየዋ የሰማችው ከማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ዘበኛው ግን የሰማው ከባላጋራችን አፍ ነው። ሰው በራሱ ላይ ክፉ ነገር ዝም ብሎ አያወራም። ተከራካሪሽ በራሱ ላይ የተናገረው ካለ፣ የሰማው ሰው ቀርቦ ይመሰክራል፣ ፍርድ ቤቱም ይሰማል። "ለምን ይነገርብኛል" ማለት አይችልም፤ ያለው ራሱ ነዋ! አላልኩም የሚል ከሆነ ቀርቦ ያስተባብል። ለራሱ የሚጠቅመውን ግን "እኔ እኮ እንዲህ ብዬ ነበር" እያለ ምስክር ቢደረድር አይረባም። ለራሱማ ማን የማይናገር አለ?»

«እኛስ ታዲያ?»

«እኛማ ዝም ነው። የባላጋራሽ አፍ ያንቺ ጎተራ ነው፤ ያንቺ አፍ ደግሞ የእሱ።»

ሐጂ ከድር ወደ ቢሯችን የመጡት በዚህ ሁሉ መሃል ነው።

ሐጂ ከድር የሚኖሩት ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ከእንጦጦ በሚወርደው ዳገት ላይ ነበር። መገናኛ የነበራቸውን ሱቅ ለልጆቻቸው ለቀው፣ ራሳቸው በሠሩት ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ያረፉት በዚያው ቤት ነው፤ ከበሩ ላይ የተከሉት የሎሚ ዛፍ ዛሬም አለ። ግቢያቸው ዳገት ላይ ስለሆነ አፈሩን የያዘው በታችኛው ወሰን ላይ የቆመ የድንጋይ ግንብ ነበር። ከግንቡ ሥር ያለው ግቢ የታምራት ነው። ታምራት የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ከእናቱ ከእማማ አስካለ ጋር ይኖራል። ግንቡን ተጠግቶ ሁለት ክፍል ሠርቶ ነበር። አንድ ክረምት፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ባደረበት ጠዋት፣ ግንቡ ተደረመሰና ሁለቱን ክፍሎች ደፈጠጣቸው። ደግነቱ ሰው አልነበረበትም።

የሰፈሩ ዕድር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እንግዲህ የኛን አገር ሽማግሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚፈልገው ጥፋተኛ አይደለም፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሐጂን ወደ ጎን ወስደው፣ «እርስዎ ታላቅ ነዎት፤ ጥፋቱን ወደ ራስዎ ይውሰዱትና ነገሩ እዚሁ ይለቅ» አሏቸው። ሐጂም ከሽማግሌዎቹ ፊት ተነስተው፣ «ግንቡ የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት። ታምራት ጉልበታቸውን ሳመ። ሁሉም ተመራርቀው ወደየቤታቸው ገቡ።

ብዙም ሳይቆይ መጥሪያ መጣላቸው። «ሰውዬው በሽማግሌ ፊት አምኖልህ ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ታምራትን የመከረው ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹ ምስክር ሆነው ተቆጥረዋል። ከተፈረደባቸው ሐጂ ከቤታቸው በቀር የሚከፍሉበት ነገር የላቸውም። ይሄን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እጃቸው ላይ ያለው መቁጠሪያ ግን ቆመ።

«እንዲህ ብለዋል?» አሏቸው ጋሽ ዘሪሁን።

«ብያለሁ።»

ጋሽ ዘሪሁን ጥርሳቸውን እንደታመመ ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ለምን?»

«ሽማግሌ ለመነኛ! ልጄ ነው፣ ጎረቤቴ ነው።»

«ግንቡን ማን ጣለው?»

«አላህ ያውቃል።»

«አላህ እንደሚያውቅማ እኔም አውቃለሁ፤ የማያውቁት ዳኛዋ ናቸው።»

በማግስቱ ቦታውን ልናይ ወጣን። ጋሽ ዘሪሁን ከሐጂ ግቢ ጫፍ ላይ ቆመው ወደ ታች ብዙ አዩ። ድንጋዩ ተነስቷል። ግንቡ ከነበረበት ሥር መሬቱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይመስላል፤ ታምራት ግን ፈጥኖ ሊሾ አስደርጎበታል፣ ከሊሾው በታች ያለው አይታይም።

«ውኃ መሬት ሲበላ እንዲህ ተስተካክሎ አይበላም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ልጁ ክፍሎቹን ሲሠራ ከግንቡ ሥር ቆፍሯል። ግን ማን አየ? ማን ሰማ?»

ያየም የሰማም አልተገኘም። ጥርጣሬያቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ሽማግሌዎቹን ማን መረጣቸው? ስብሰባው ላይ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ያስቀመጠ ሰው ነበር ወይ? ሻዩን ማን ጋበዘ? ሐጂ በትዕግሥት መለሱ። በመጨረሻ ትእዛዝ ተሰጣቸው፦ ክሱ እስኪያልቅ ከታምራት ጋር ቃል መለዋወጥ የለም። ሰላም ካላቸው በእጅ ብቻ።

«ሰላምታ እኮ ነው!» አሉ ሐጂ።

«በእጅዎ።»

ምስክር ሊሰማ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው እማማ አስካለ ሞቱ። ሐጂ ዳገቱን ወርደው፣ ደረጃውን በምርኩዝ ወጥተው መጡና ለቅሶ እንደሚሄዱ ተናገሩ።

«አይሄዱም» አሉ ጋሽ ዘሪሁን።

«ምን አልክ?»

«የሚቀመጡት ከተከራካሪዎ ጎን ነው። አንድ ቃል ካመለጠዎት እሱን ይዞ ይመጣል።»

ሐጂ ሲቆጡ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋቸው። «ስማ ዘሪሁን። አስካለ ማለት ሚስቴ የሞተች ጊዜ ድንኳኔ ውስጥ መሬት ላይ ተኝታ የሰነበተች ሴት ናት። እሷ ሞታ ቤቴ ቁጭ ልበል? ቤቱስ ከዚያ ወዲያ ምን ያደርግልኛል?»

ጋሽ ዘሪሁን እጃቸውን ሰጡ። «እሺ ይሂዱ። "ያጥናህ" ይበሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። ትዕግስት አብራዎት ትሄዳለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አፋቸውን ጠብቂ» አሉኝ።

እንዲህ ዓይነት ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ጥቁር ለብሼ፣ የሐጂን ክንድ ይዤ፣ የማላውቃቸው ሴትዮ ለቅሶ ላይ የአንድ ሽማግሌ አፍ ልጠብቅ ወጣሁ። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ተተክሏል። የእማማ አስካለ ቸርች ዘማሪዎች በማይክራፎን እየዘመሩ ነበር። ሐጂ ሲገቡ ታምራት አያቸውና ከተቀመጠበት ተነሳ። ይመታቸው ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። እየተደናበረ መጣና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ።

«ያጥናህ ልጄ» አሉት ሐጂ። እዚህ ላይ መቆም ነበረባቸው፤ ቆሙም። የተናገረው እሱ ነው።

«አባባ ሐጂ፣ እማዬ ነግራኝ ነበር። "ከሐጂ ግንብ ሥር አትቆፍር" እያለችኝ ነው የቆፈርኩት። እንዳኮረፈችኝ ሞተች።»

በመዝሙሩ ውስጥ የሰማነው ሐጂና እኔ ብቻ ነን። ሐጂ ጀርባውን መታ መታ አደረጉለት። «እሺ፣ እሺ። ተወው አሁን» አሉት። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በሰው ለቅሶ መሃል ደስ አለኝ። የባላጋራ አፍ ጎተራ ነው ያሉኝ ይኸው ተከፈተ፤ የሐጂ ቤት ዳነ ብዬ አሰብኩ።

ሐጂ ሊሸኙኝ አብረውኝ ዳገቱን ወረዱ። ታክሲው ጋ ስንደርስ፣ «ሐጂ፣ ሰምተዋል አይደል?» አልኳቸው።

«እኔ ለቅሶ ነው የደረስኩት» አሉኝ።

ቢሮ ስገባ ጋሽ ዘሪሁን መጋረጃውን ዘጉና ጥያቄ ጀመሩ። ማን ቀድሞ ተናገረ? መዝሙር እየተዘመረ እንዴት ሰማሽ? በየትኛው ጆሮሽ በኩል ነበር? «ቆፈርኩ» ነው ያለው ወይስ «አስቆፈርኩ»? እኔ እየተደሰትኩ ነው የምመልሰው። እሳቸው ግን ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። ሐጂን አስጠሯቸው።

«ሐጂ፣ ታምራት ለቅሶ ላይ ምን አለዎት?»

«እኔ ለቅሶ ነው የደረስኩት።»

«ስለ ግንቡ የነገረዎት ነገር አለ?»

«ለቅሶ ነው የደረስኩት አልኩህ እኮ። ቤቴ ቢሄድ ይሂድ፤ ለቅሶ ቤት ገብቼ ምስክር አልለቅምም።»

ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። አልዋሹም፣ አላመኑም። ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ጋሽ ዘሪሁን በሩ እስኪዘጋ ጠብቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«የሐጂ ልጆች አነጋግረውሻል?»

መጀመሪያ ጥያቄው አልገባኝም። ሲገባኝ ፊቴ ጋለ።

«እንዲህ ብለሽ ተናገሪ ያለሽ ሰው አለ? ሰጥተውሻል?»

«ጋሼ፣ እኔን ነው?»

«ባለ ጉዳዩ አልሰማሁም አለ። አንቺ ሰማሁ አልሽ። ከሁለት አንዳችሁ…» አሉና ተዉት።

«አልሰማሁም አላሉም! ለቅሶ ነው የደረስኩት ነው ያሉት!»

«ይሄ ነው እንግዲህ የሚያስጠረጥረኝ። የሐጂ ጠበቃ እኔ ነኝ፤ አንቺን የላከሽ ማን ነው?»

ያን ዕለት ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው በሥራው ቢወቀስ ይችላል። ቃሌን መጣላቸው ግን አጥንቴ ድረስ ገባ፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች አይነገሩም። መሳቢያው ተቆለፈ። የሐጂን ፋይል በፌስታል ይዘው ወደ የካ አባዶ ይመላለሱ ጀመር። ሰላምን «ትዕግስት ምሳ ከማን ጋር ነው የምትበላው?» ብለው ጠይቀዋታል። «ከሽሮ ጋር» ብላቸዋለች።

ጥርጣሬ ደግሞ እንደ ጉንፋን ይጋባል። እኔም ጀመረኝ። ይሄን የመሰለ ቃል አምጥቼላቸው ለምን አይጠቀሙበትም? አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል መገናኛ ላይ ከታምራት ጠበቃ መኪና ሲወርዱ አየኋቸው። አሃ! አልኩ፤ ተገዙ የሚባሉት እሳቸው ናቸው እንዴ? ስንት ቀን እንደዚያ ሳስብ ከረምኩ። ኋላ ጠበቃው ራሱ ሲያማቸው ሰማሁ። በዝናብ ቆመው አይቶ አዝኖ ነው የጫናቸው። «እስኪወርዱ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም» ይላል። ዝናቡን እንኳ አላሙም።

ምስክር በሚሰማበት ዋዜማ፣ «ነገ ከእኔ ጋር ችሎት ትገቢያለሽ» አሉኝ።

«ምስክር ከሆንኩ ውጭ አይደል የምቆየው?» አልኳቸው። ምስክር ቃሉን ሳይሰጥ ችሎት ውስጥ እንደማይቀመጥ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ማን ምስክር ነሽ አለሽ?»

በቃ፣ አላመኑኝም። ክሱ ካለቀ በኋላ ሥራዬን ልለቅ በልቤ ወሰንኩ።

ችሎቱ ውስጥ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ፣ ታምራት ቀና ሲል የሚያየው እኔን ነው። ሐጂ በተከሳሽ በኩል መቁጠሪያቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል። መጀመሪያ የቀረቡት የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ በቀለ ነበሩ። ሐጂ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲሉ በጆሯቸው እንደሰሙ መሰከሩ። እውነት ነው፤ ሰምተዋል። ጋሽ ዘሪሁን ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሱ።

«ሐጂ ይህን ከመናገራቸው በፊት እናንተ ምን አላችኋቸው?»

«ታላቅ ነዎት፣ ጥፋቱን ወደ ራስዎ ይውሰዱ አልናቸው።»

«ግንቡ በምን እንደወደቀ አጣርታችሁ ነበር?»

«እኛ የሄድነው ልናስታርቅ ነው እንጂ ልናጣራ አይደለም።»

«በዕድሜ ታላቁ ታምራት ቢሆን ኖሮስ?»

አቶ በቀለ ትንሽ አሰቡ። «እሱን ውሰድ እንለው ነበር» አሉ።

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም፤ እየጻፉ የነበሩትን አቁመው ምስክሩን ትኩር ብለው አዩ። ቀጥለው፣ ሰው ለዕርቅ ብሎ በሽማግሌ ልመና የተናገረው ቃል የሆነውን ነገር እንዳመነ ሊቆጠር ይገባል አይገባም የሚለውን ፍርድ ቤቱ እንደሚመዝነው ተናገሩ። ሐጂን በግማሽ ከጉድጓድ ያወጣቸው ይሄ ነው። ግማሹ ግን ይቀራል፤ ግንቡን ማን ጣለው?

ጋሽ ዘሪሁን ከሳሹ ራሱ እንዲጠየቅላቸው አመለከቱ። የታምራት ጠበቃ ተነስቶ ተቃወመ። ዳኛዋ ፈቀዱ።

«ግንቡ ከመውደቁ በፊት ከሥሩ ቆፍረዋል?» አሉት።

ታምራት ጠበቃውን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያየኝ መሆኔን እንዳወቀ ዓይኑ ነገረኝ። ከዚያ ሐጂን አየ። ሐጂ ቀና አላሉም። ቀና ቢሉ ልጁ የሚያፍር መስሏቸው ይመስለኛል። ለቅሶ ላይ የተባለውን በችሎት ማንም አላነሳም፤ ጋሽ ዘሪሁንም አልጠቀሱትም። ታምራት «አልቆፈርኩም» ቢል የሚያስተባብለው አንድ ሰው አልነበረም።

«ቆፍሬያለሁ» አለ። «እናቴ "ከሐጂ ግንብ ሥር አትቆፍር" ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።»

ቃል በቃል የነገርኳቸው ነው። ጋሽ ዘሪሁን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞሩና አዩኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

ክሱ ውድቅ ሆነ፤ ቤቱም ለሐጂ ቀረ። ውሳኔው የተነገረ ዕለት ከችሎት ደጃፍ ላይ ሐጂ የታምራትን እጅ ይዘው፣ «ግንቡን አብረን እናሠራዋለን» ሲሉት ሰማሁ። ጋሽ ዘሪሁንም ሰምተዋል፤ «ሐጂ፣ የይግባኝ ጊዜው አላለፈም፣ እባክዎ ዝም ይበሉ» አሏቸው።

ያን ጥያቄ ለምን እንደጠየቁ ብዙ አስቤበታለሁ። በአንድ ጥያቄ ሁለት ሰው እየመረመሩ ነበር። ታምራት ቢክድ ውሸታሟ እኔ ነበርኩ።

ከውሳኔው በማግስቱ መልቀቂያዬን ይዤ ገባሁ። ጋሽ ዘሪሁን ቆመው ጠበቁኝ። «ቆይ» አሉኝና በሩን ከፍተው ደረጃውን ወረዱ። የኮምፕሬሰሩ ድምፅ ቀጥ አለ። በዚያ ቢሮ ውስጥ በሥራ ሰዓት እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ተመልሰው ሲመጡ የጎሚስታውን ባለቤት ተማምን አስከትለዋል። ተማም እጁ በግራሶ ጠቁሯል፣ ግራ ገብቶታል።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?» አላቸው።

«ያጠፋኸው አንተ አይደለህም። እዚህ ቁምና ስማ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። አልጠረጉትም፣ ያዙት ብቻ።

«ትዕግስት እውነት ነግራኝ አላመንኳትም። ተገዝተሻል ብያታለሁ። ይሄን የምናገረው ሽማግሌ ለምኖኝ አይደለም፤ ነገሩ ይለቅ ብዬም አይደለም። ሆኖ ነው። አጥፍቻለሁ።»

ተማም እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አየ። «እንዴ… ጥፋቱ የእርስዎ ነው እያሉ ነው?»

ጋሽ ዘሪሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከታች መንገድ ላይ የታክሲ ረዳት «አባዶ! አባዶ!» ሲል ይሰማል።

«አዎ» አሉ።

እኔ ወንበሩን ያዝኩ።

«ሰምተሃል?» አሉት ተማምን።

«ሰምቻለሁ።»

«ነገ ብክድ ትመሰክራለህ።»

«ወላሂ እናንተ ሰዎች ግን…» አለ ተማም፤ ራሱን እየነቀነቀ ወረደ። ኮምፕሬሰሩ ተነሳ።

«ጋሼ፣ ለእኔ ብቻ ቢነግሩኝ አይበቃም ነበር?» አልኳቸው።

«ለአንቺ ብቻ ነግሬሽ ነገ ብክድሽ፣ ምን ይዘሽ ታምኚኛለሽ?»

መልቀቂያው ከቦርሳዬ አልወጣም። ጡረታ ወጥተው ቢሮውን እስኪዘጉ አብሬያቸው ሠራሁ። ከዚያ ወዲያ «አዎ» ሲሉም፣ ይቅርታ ሲጠይቁም አልሰማሁም፤ እግር መርገጡንም አልተዉም።

የቀበርናቸው የካ ሚካኤል ነው። ከላይ የእንጦጦ ጉም ወርዶ ባሕር ዛፉን ሸፍኖት ነበር። ሐጂ ከድር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ በሌላ ክንዳቸው የያዛቸው ታምራት ነው። ተማም ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። እጁን ምን ያህል ቢታጠበው ግራሶው ከጥፍሩ ሥር አልወጣም። አጠገቤ ቆመ።

«ተማም፣ ያን ቀን የሰማኸውን ታስታውሰዋለህ?» አልኩት በቀስታ።

«እረሳዋለሁ እንዴ! "አዎ" ብለዋል። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

አፈሩ መመለስ ጀመረ። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይሉ ነበር። እኔ እሳቸውን ያመንኳቸው ግን ሳልቀብራቸው ነው፤ ምስክር አለኝ።